ከሣጥኑ ጀርባ የጠፋው ስፌት

ሥራዬ መጠርጠር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሞልደ ከተማ ባለው የስፖርት አዳራሽ የድሮ ቪዲዮ ጌሞች ትርዒት ሲደረግ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር አንዲት ጠረጴዛ ትሰጠኛለች። ሰው የገዛውን ወይም ሊገዛ ያሰበውን የጌም ካሴት ያመጣልኛል። እኔ በትንሿ ካቻቪቴ ፈትቼ፣ ውስጡን በአጉሊ መነጽር አይቼ፣ «እውነተኛ ነው» ወይም «ቅጂ ነው» እላለሁ። ጢማቸውን ያሳደጉ ትልልቅ ሰዎች ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ያየሁት እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተሳሳትኩት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሳሳተኝ የሻጩ ፈገግታ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ ፈገግታ ማየት ትቻለሁ።

የዲድሪክን ግን አየሁት። ባለፈው ዓመት ትርዒት አንድ ካሴት ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ፈታሁትና ቅጂ መሆኑን ነገርኩት። እሱማ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል፤ እኔ አውቅ እንደሆን ሊያይ ነበር የመጣው። መናደድ ሲገባኝ ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ቀጥሎ የተሰለፈው ሰውዬ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ሁለታችንም ያችን የማትረባ ካሴት ይዘን ቆመን ቀረን። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ከኦስሎ እየበረረ ይመጣል።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ነው። የዲድሪክ ቤተሰብ ከአያቱ ጀምሮ የጨረታ ቤት አለው። ድሮ ሥዕልና የብር ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ አሁን ፕላስቲኩ ያልተቀደደ የድሮ ጌም ሰውን በሚያሳብድ ዋጋ ያጫርታሉ። እናቱን አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። የአባቴን ሥራ ጠየቀችኝ፤ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ እንደነበረ ነገርኳት። «እንዴት ጠቃሚ ነው» አለችና ወደ ሌላ እንግዳ ዞረች። ያቺን «ጠቃሚ» እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

አባቴ አርንፊን ደግሞ በበኩሉ ነጋዴ አይወድም። ይህን ትርዒት ከመሠረቱት አንዱ ነው። ከዓመታት በፊት የትልቁ ዕጣ ባለ ዕድል ሽልማቱን አዳራሹ ሳይጠረግ መኪና ማቆሚያው ላይ ለአንድ ነጋዴ ሸጦት ሄደ። አባቴ ያን ቀን እራት አልበላም። በማግስቱ ሕግ አወጣ፤ ትልቁ ዕጣ የደረሰው ሰው እዚያው መድረክ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ ፕላስቲኩን በጥፍሩ ቀድዶ ካሴቱን ያወጣና ይጫወታል። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ደግሞ ለነጋዴ ዋጋ የለውም። «እነሱ ጌም አይጫወቱም፤ ጌም ያስራሉ» ይላል። ዲድሪክ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ዕለትም ከሄደ በኋላ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የዚህ ልጅ ዓይን መደርደሪያዬን ይቆጥራል።»

እኔ ሳቅኩበት። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ዘንድሮ ሐሙስ ዕለት፣ ያንን ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ሁሉ ከመኪና ወደ አዳራሹ ስንሸከም፣ ዲድሪክ አንዱን ቴሌቪዥን ከእኔ ጋር እንደያዘ በመሀል መንገድ ቆመ። ኦስሎ ውስጥ ከጀርባው የጥገና ክፍል ያለው ትንሽ ሱቅ ማግኘቱን ነገረኝ። ከቤተሰቡ ድርጅት ወጥቶ ከእኔ ጋር ሊሠራ፣ ከእኔ ጋር ሊኖር ይፈልጋል። ክንዴ ሊገነጠል ደርሶ ነበር። መልሴን እሑድ፣ ዕጣው ከወጣ በኋላ እንደምሰጠው ነገርኩት። ከመስማማቴ በፊት አንድ ጊዜ ገልብጬ ላየው ፈልጌ ነው፤ አመሌ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤሪት ጠራችኝ። ቤሪት የኮሚቴው ሊቀመንበር ናት። ዋፍል የምትጋግረውም፣ ዕጣ የምታወጣውም፣ ሰው የምትቆጣውም እሷ ናት። የዘንድሮውን ትልቅ ሽልማት ፎቶ አንስቼ ግድግዳ ላይ እንድለጥፍላት ፈለገች። ሽልማቱ ከአባቴ መደርደሪያ የወጣ ነው፤ «የበረዶው ምሽግ» የሚባል ጌም። ሌላ የሚሸልም ሰው ስለጠፋ ቤሪት ለመነችው፤ እሱም ብዙ ካንገራገረ በኋላ ሰጠ። እኔ ትንሽ ሳለሁ እናቴና አባቴ ሲጫወቱት ትዝ ይለኛል። ያኔ ሁለት ገዝቶ አንዱን ሳይከፍት እንዳስቀመጠው ነግሮናል። የተከፈተው ለአጎቴ ልጆች መሰጠቱን ሰምቻለሁ። ያልተከፈተው ከመስታወቱ ኋላ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ለዓመታት ቆሟል።

ሽልማቱ ከሐሙስ ጀምሮ የተቆለፈበትን የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ከፍቼ ሣጥኑን አወጣሁ። ፊቱን አነሳሁ። ከዚያ ጀርባውን ገለበጥኩት።

ፋብሪካ ያሸገው ሣጥን ስፌቱ ከጀርባው በአግድም ያልፋል። ፕላስቲኩ በሙቀት የተጣበቀበት፣ እንደ ጸጉር የቀጠነች መስመር ናት። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በጸጉር ማድረቂያ ያሸገው ግን እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለውም፤ ስፌቱ በጎን ጠርዝ ተሸሽጎ ይገኛል። የአባቴ ሣጥን ጀርባ ባዶ ነበር። ጣቴን በጎኑ ሳስኬድ ያቺ መስመር ጥፍሬን ያዘችው።

የጂምናስቲክ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው፤ ቤሪትና እኔ። እኔ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ቴሌቪዥኖቹን እንዲያስገባ ብዬ ቁልፌን ለዲድሪክ ሰጥቼዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ቆየ። ቤተሰቡ ማሸጊያ ማሽን አለው። የእውነተኛው ሣጥን ዋጋም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እንደዚህ አንድ በአንድ ስደረድረው የሚጎድል ነገር አጣሁለት። እንዲጎድል ግን እንዴት ፈለግኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ፎቶውን ከፊቱ ብቻ አንስቼ ለጠፍኩ፤ ከዚያ ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ የሰው ካሴት እየፈታሁ ዲድሪክን በዓይኔ እከተለው ጀመር።

መጀመሪያ ያየሁት ከቋሊማ መሸጫው ኋላ ከአባቴ ጋር ሲንሾካሾክ ነው። አባቴ በዓመት ውስጥ ለዚህ ሰው ሃያ ቃል አልተነፈሰለትም፤ አሁን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማዋል። ዲድሪክ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአዳራሹ ማዶ አንድ ቅንድቡን ያነሳልኝ ነበር። ዛሬ ዓይኑን ሰበረ።

ቀጥላ ቤሪት አንድ ዋፍል ከቡናማ አይብ ጋር ይዛልኝ መጣችና ሹክ አለችኝ።

«ያ የኦስሎ ልጅሽ ሦስት ደብተር ሙሉ የዕጣ ትኬት ገዛ እኮ። ቁጭ ብሎ ጉርዱ ላይ ሁሉ ስሙን ሲጽፍ እጁ ዛለ። ነጋዴ የሚቀደድ ዕቃ ምን ሊያደርግለት ነው?»

«እንጃ» አልኳት። ግን አውቄው ነበር። ዕጣው ከደረሰው ሣጥኑን የሚከፍተው እሱ ራሱ ነው። ውስጡ ባዶም ይሁን ቅጂ በጀርባው ከልሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ስርቆቱ ከነማስረጃው በሱ እጅ ይቀበራል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልጠት በሌላ ሰው ላይ ባገኝ አደንቅ ነበር።

ዋፍሉን ከበላሁ በኋላ ከሳህኑ ሥር አንድ ፖስታ አገኘሁ። ዲድሪክ እንድትሰጠኝ ለቤሪት ያስያዘው ነው። የእጅ ጽሑፉ ሁልጊዜ የተጣደፈ ነው፤ ይህኛው ግን ተጠንቅቆ የተጻፈ ነበር።

«ቶሩን፤ ነገ ስለ እኔ የምትሰሚው ነገር ጥሩ ላይሆን ይችላል። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ እመልስልሻለሁ። ግን ዕጣው ከወጣ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ካንቺ የምለምነው ትዕግሥት ብቻ ነው። ያንቺው ዲድሪክ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን፣ ይፈረድብኝና፣ በአጉሊ መነጽሩ አየሁት። ወረቀቱ ወረቀት ነው። ቀለሙም ቀለም ነው። «ያንቺው» የምትለዋ ቃል ላይ እስክሪብቶው ጠበቅ ብሏል። የሚወደኝ ሰው ይሁን የሚያባብለኝ ሰው፣ መነጽሩ አይለይልኝም ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቀኑን ሙሉ የሰው ካሴት ስፈታ ዋልኩ።

እሑድ ጠዋት ዝናብ ይዘንባል፤ ሞልደ ነዋ። ዲድሪክን ብስክሌት ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ጠበቅኩት። ሲያየኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

«ሣጥኑን ነክተኸዋል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«ከጀርባው ስፌት እንደሌለው አይተሃል?»

ፊቱ ተለወጠ። እኔም እንዳየሁት ያወቀው አሁን መሆኑ ገባኝ። «አይቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን ነው ያሸገው?»

ዓይኑን ወደ ብስክሌቶቹ መለሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ነገር ይበለኝ፣ ምንም ይሁን ይበለኝ እያልኩ አፉን አየው ነበር።

«ከዕጣው በኋላ ብዬ ጽፌልሽ ነበር።»

«ከዕጣው በኋላማ አገር ያውቀዋል። እኔ የምጠይቅህ አሁን ነው።»

«ምስጢሩ የእኔ አይደለም ቶሩን። የእኔ ቢሆን ይሄኔ ነግሬሽ ነበር።»

የእኔ አይደለም ሲል የእናቱን ፊት አየሁ። ያቺ «ጠቃሚ» ጉሮሮዬ ላይ ተመልሳ መጣች። ቤተሰቡን ነው የሚሸፍነው ብዬ ተረጎምኩት፤ መተርጎም ብቻ ሳይሆን ፈረድኩበት።

«እንግዲያው እኔም መልሴን ከዕጣው በፊት ልስጥህ» አልኩት። «ኦስሎ አልመጣም። ሱቁን ከሌላ ሰው ጋር ክፈተው።»

ይለምነኛል ብዬ ነበር። ወይም ይቆጣል። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና የአዳራሹን በር ከፍቶ እኔ እስክገባ ያዘልኝ። አጠገቡ ሳልፍ የእርጥብ ሱፍ ሽታው ሸተተኝ። እንዲህ አንጀቴ እያረረ እንኳ ልለጠፍበት መፈለጌ ከሁሉ ይበልጥ አናደደኝ።

ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ቤሪት በርሜሉን ሦስት ጊዜ አሽከረከረች፤ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጉርድ አወጣች። ዲድሪክ ከመድረኩ ሥር፣ በቀኝ በኩል ቆሟል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አባቴ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያያል።

የወጣው ስም ሲግሪድ ነበር። ከፊዮርዱ፣ ከከተማው ፊት ካለው የባሕር ሰርጥ፣ ማዶ የመጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ድምጿ የጎላ፣ በየዓመቱ የማትቀር ሰብሳቢ። እያጨበጨብን ወደ መድረኩ ወጣች። ዲድሪክ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲግሪድ ሣጥኑን ወደ ሕዝቡ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠርዙን ወግታ ፕላስቲኩን ቀደደችው። አዳራሹ ጮኸ። ካሴቱን አወጣች። የመመሪያ መጽሐፉን አወጣችና ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ይሄ እኮ ተጽፎበታል» አለች።

ጩኸቱ እየተነፈሰ እየተነፈሰ ጠፋ። ቤሪት መጽሐፉን ተቀብላ አየች። ፊቷ ቀላ። በማይኩ «ቶሩን፣ ነይ እስቲ» አለችኝ።

እስከ መድረኩ ያለው መንገድ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን ብዙ ሄድኩ። የዲድሪክን ጥፋት በገዛ እጄ ልፈታው ነው። መነጽሬን አወጣሁ። ካሴቱን አየሁ፤ እውነተኛ ነው። ሣጥኑም እውነተኛ ነው። ይህ ግራ አጋባኝ፤ ሌባ እውነተኛውን ትቶ ምን ይወስዳል? መጽሐፉን ገለጥኩ። የድሮ መመሪያዎች ከመጨረሻ ለማስታወሻ የሚሆን ባዶ ገጽ ነበራቸው። እዚያ ገጽ ላይ በእርሳስ የተሣለ ካርታ አለ፤ ድልድይ፣ ግንብ፣ ቀስት። ከሥሩ ወደ ኋላ ያዘነበሉ፣ ግራኝ ሰው የጻፋቸው ፊደሎች።

«አርንፊን፤ ከድልድዩ በኋላ ወደ ግራ። በቀኝ በኩል ትናንት ሞተሃል። ቶሩን እስክትተኛ ጠብቀኝ። ያለ እኔ እንዳትቀጥል።»

መነጽሩ አላስፈለገኝም። እናቴ ሊቭ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ፊደሎቿን ያየሁት ግን ትናንት የተጻፉ ይመስል ነበር።

ሁለተኛ ሣጥን ኖሮ አያውቅም። ያለው አንድ ነው፤ ይሄው ነው። የታሸገውም እቤታችን ነው። የዓለምን ዕቃ ሁሉ ገልብጬ ሳይ የአባቴን ሣጥን ጀርባ እስከ ትናንት አንድ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። ማን የአባቱን ዕቃ ገልብጦ ያያል?

ቀና ስል ዲድሪክ መድረኩ ላይ ወጥቷል። ማይኩን ከቤሪት እጅ ወሰደ።

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አይንቀጠቀጥም። «ሐሙስ ዕለት የክፍሉ ቁልፍ በእጄ ነበር። ያልተከፈተውን ወስጄ በዚህ የተካሁት እኔ ነኝ። አርንፊን የሚያውቀው ነገር የለም።»

አዳራሹ ተናወጠ። አንዱ «ድሮስ ከነጋዴ!» አለ። ቤሪት የማይጻፍ ነገር ተናገረችው። እሱ ሁሉንም ቆሞ ተቀበለ፤ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር። ካወቅኩት ጀምሮ ሲዋሽ የያዝኩት ያኔ ነው፤ እጅ ከፍንጅ፣ መጽሐፉ በእጄ እያለ። የዋሸውም ለእኛ ነበር።

አባቴን ፈለግኩት። እዚያው ቆሟል። ልናገር ብሎ አንድ እርምጃ እንዲራመድ፣ አንድ ጊዜ ቀና እንዲል ጠበቅኩት። ኮፍያውን ያሽከረክራል። ዝም ካልኩ የአባቴ ስም ይድናል፤ ትርዒቱ፣ ሕጉ፣ አርባ ዓመት ያካበተው ክብር እንዳለ ይቆያል። ዲድሪክ ደግሞ በአሥር ሰዓቱ የአውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ ከነውርደቱ ይሄዳል፤ ዳግም እዚህ ከተማ አይታይም። ጠዋት የሰጠሁት መልስም ልክ የነበረ ይመስላል። እንዲህ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ አስፈራኝ።

ማይኩን ከእጁ ወሰድኩ።

«ካሴቱ እውነተኛ ነው» አልኩ። «ሣጥኑም እውነተኛ ነው። ቅጂው ፕላስቲኩ ነው።» መጽሐፉን ከፍ አደረግኩ። «ጽሑፉ የእናቴ ነው። ይህ ከቤታችን የወጣው ያው ሣጥን ነው፤ የተተካ የለም። ዲድሪክ ዋሽቷችኋል።»

 ከዚያ ሰዎች መንገድ ሲለቁ አየሁ፤ አባቴ እየመጣ ነው። ደረጃዋን ሲወጣ ጉልበቱን ያዘ። ማይኩን ሰጠሁት፤ እሱ ግን አልተጠቀመበትም፣ ለእኔ ብቻ እንደሚያወራ ነበር የተናገረው።

«ለማታለል አይደለም ያሸግኩት። ሊቭ ከሞተች በኋላ ያችን ገጽ እየገለጥኩ ቀኔ ሁሉ ያልቅ ጀመር። ያሸግኩት እንዳልከፍተው ነው።»

የቀረውን እየተቆራረጠ ነገረኝ። አንድ ቀን ቤሪት ቤታችን መጥታ ከመስታወቱ ኋላ ያየችውን ሣጥን ያልተከፈተ መሰላት፤ አድንቃ ጮኸች። እሱም ስለ ገጹ ማውራት ስላልቻለ «አዎ» አላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያቺ «አዎ» ዓመት ከዓመት እያደገች ሁለት ሣጥን ሆነች። ዘንድሮ ቤሪት ሽልማት ስትለምነው መውጫ አጣ። ሐሙስ ዕለት ዲድሪክ ስፌቱን አይቶ በቀጥታ ወደ እሱ መጣ። እስከ እሑድ እውነቱን ለእኔ እንዲነግር መከረው፤ ዕጣው ለዲድሪክ ቢደርሰው ደግሞ ራሱ ቀድዶት መጽሐፉን ከሰው ዓይን ሰውሮ ሊመልስለት ቃል ገባ። ሦስቱን ደብተር የገዛው ለዚህ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ፈራሁ» አለ። «አዳራሹን አይደለም። ያንቺን መነጽር ነው የፈራሁት።»

 አቀፍኩት። ሕዝቡ ያጨብጭብ ወይስ ይሂድ ግራ ገባው። የገላገለችን ሲግሪድ ናት። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ለአባቴ ሰጠችው።

«የተጻፈበት መጽሐፍ አልሰበስብም» አለች ኮስተር ብላ። «ካሴቱ ግን የኔ ነው፤ አሁን እጫወተዋለሁ። አንተም ና እዚህ ቁጭ በል። ከድልድዩ በኋላ ወዴት እንደምታጠፍ ማን ይነግረኛል?»

ሳቅና ልቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ ከአዳራሹ ተነሳ። አባቴ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ዲድሪክን ስፈልግ መድረኩ ላይ የለም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረስኩበት። ቦርሳው እግሩ ሥር ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ፊዮርዱ ማዶ ያሉት ተራሮች ግማሻቸው ይታያል። ምን እንደምለው ሳላዘጋጅ አጠገቡ ቆምኩ።

«ጠዋት የሰጠሁህ መልስ…»

«መልስሽን ሰጥተሻል።»

«ሳላውቅ ነው የሰጠሁት ዲድሪክ።»

«አይደለም» አለ። «ሳታምኚኝ ነው የሰጠሽው። ሁለቱ ይለያያሉ።»

 እውነቱን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሰው ገልብጬ ስፌቱን ስፈልግ ነበር የኖርኩት። ደብዳቤውን በመነጽር ማየቴን ነገርኩት። ካፈርኩ አይቀር ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁልፉን፣ እናቱን፣ ትኬቶቹን፣ እንዴት አንድ በአንድ እንደደረደርኩ። እየሰማ አንገቱን ደፋ። ሌላ ሴት ብትሆን ዳግም አልጠረጥርህም ብላ ትምልለት ነበር፤ እኔ መማል አልቻልኩም።

«ነገም ሌላ ነገር ባይ እጠረጥራለሁ» አልኩት። «እንዲህ ነው የተሠራሁት። ግን ከእንግዲህ አንተን ሳልጠይቅ አልፈርድም፤ ስትመልስልኝ ደግሞ አምንሃለሁ። ቆይ ካልከኝም እቆያለሁ። ከዚህ የበለጠ ቃል ብሰጥህ ውሸት ነው።»

«እንግዲያው አሁን ጠይቂኝ።»

አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። 

«አሁንም እንድመጣ ትፈልጋለህ?»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ሁለታችንን አየ። ዲድሪክ ቦርሳውን አንስቶ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገና ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። ፈገግ አላለም።

«እፈልጋለሁ» አለኝ። «ግን ዛሬ ተቀይሜሻለሁ ቶሩን። ቅያሜው በአንድ ቀን አይለቀኝም።»

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሄደ፤ እርጥቡ አስፋልት ላይ ቆሜ አየሁት። ደስታው ከሕመሙ ጋር አንድ ላይ ደረቴን ሞላው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ልለይ አልሞከርኩም። አመንኩት። መፈለጉንም መቀየሙንም አመንኩት።